በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆን፦ የውበትና የምርጫ ቀዶ ሕክምናዎች ሲወዳደሩ

ሰሞኑን ሦስት ሰው ተራ በተራ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። አንዷ ከቤይሩት የተመለሰች የአጎቴ ልጅ ናት። ሁለት ልጅ ወልዳ ሆዷ አልገባ ብሏት ስብ ልታስመጥጥ ትፈልጋለች። ሁለተኛዋ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማር የጎረቤት ልጅ ናት፣ አፍንጫዋን ነው የምትለው። ሦስተኛዋ የመንዝ አክስቴ ናቸው፤ «አንቺ ልጅ፣ ይህን እንቅርት ለሠርጉ ሳይደርስ ያወጡልኝ ይሆን?» አሉኝ።

ሐኪም አይደለሁም። የሚጠይቁኝ በጆሮዬ ምክንያት ነው።

ጆሮዬን ሁለተኛ ቀዳዳ ያስበሳሁት በ19 ዓመቴ ነው። ቀዳዳው ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ወጣች። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ በሃያ ደቂቃ ቆርጠው ሰፉትና «ጨርሰሻል» አሉኝ። ቀጠሮ የለ፣ ክትትል የለ። በስድስተኛው ወር ሽምብራዋ ባቄላ ሆና ተመለሰች፣ በዓመቱ የኮክ ፍሬ አከለች። ስሟ ኬሎይድ ይባላል። የሚገርመው ትከሻዬ ላይ ያለው የክትባት ጠባሳ ገና ድሮ እንደ ትል ተነፍቶ ነበር፤ ቆዳዬ እንዲህ እንደሆነ ለማወቅ እጅጌዬን አንዴ መሰብሰብ ይበቃ ነበር። ማንም አላየውም።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ቀዶው አንድ ቀን ነው፤ ወራት የሚበላው ምልልሱ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ ሰው አዲስ አበባ ለመድረስ 130 ኪሎ ሜትር ይጠብቀዋል፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከአለም ከተማ የሚመጣውማ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ የማወዳድረው «የትኛው ያሳምራል» ብዬ አይደለም፤ «የትኛውን እስከ መጨረሻው መከታተል እንችላለን» ብዬ ነው።

መስፈርቱ ይቅደም

ሰው መጀመሪያ «ስንት ነው?» ይላል፣ ቀጥሎ «ያማል?»። ጥያቄዎቹ ልክ ናቸው፤ ተራቸው ግን ኋላ ነው። የኔ ቅደም ተከተል ይኸው።

ባይሠራስ? ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ፣ ምግብ አልዋጥ ካለ፣ እጅ አልዘረጋ ካለ ያ የውበት ጉዳይ አይደለም። «ፎቶ ላይ አልወደውም» ከሆነ ደግሞ ጊዜ አለ ማለት ነው፣ ማንም አያጣድፋችሁም።

ቆዳችሁ ምን ይላል? የክትባት ጠባሳችሁን፣ የጆሯችሁን ቀዳዳ፣ ልጅ ሳላችሁ የተበጣችሁትን ቦታ እዩ። ጠባሳው ተነፍቶ ካለ፣ ከቁስሉ ወሰን አልፎ ካደገ ወይም የሚያሳክክ ከሆነ፣ ለውበት ብሎ መቆረጥ ለናንተ ከሌላው ሰው በላይ ቁማር ነው።

ማደንዘዣው ምን ዓይነት ነው? ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌና ሙሉ ሰመመን አንድ አይደሉም። ሙሉ ሰመመን ካለ ሰመመን ሰጪ ባለሙያ፣ ኦክስጅን፣ ድንገት ነገር ቢበላሽ የሚተኛበት አልጋ ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት ቤት፣ የቲክቶክ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢያምር፣ አልጋው ላይ አትውጡ።

ስንት ጊዜ እመላለሳለሁ? አስታማሚዬስ ማነው? ውኃ የሚቀዳልኝ፣ እንጀራ የሚጋግርልኝ፣ ልጅ የሚያዝልልኝ ሰው ለስንት ሳምንት አለ?

ቢበላሽ መመለሻ አለው? አንዳንዱ ይስተካከላል፤ አንዳንዱ ግን ዕድሜ ልክ ነው።

ወጪውን በመጨረሻ አስሉ፣ ግን ሙሉውን። ምርመራ፣ ሰመመን፣ መድኃኒት፣ ድሬሲንግ፣ የአስታማሚ ማደሪያ፣ ትራንስፖርት፣ ከሥራ የቀራችሁበት ቀን። እዚህ ላይ ዋጋ በቁጥር አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ አይሠራም። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ደግሞ መድኑ ለውበት ብቻ የሚሠራ ቀዶ ሕክምናን እንደማይሸፍን ዕወቁ። የሚያሳምም ነገር ካለ ግን ከጤና ጣቢያ በሪፈር መንገዱን ጠብቃችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙም የሚሰማችሁን ሳታፍሩ ንገሩት።

ትንንሾቹ፦ የተቀደደ ጆሮና የስብ እብጠት

በከባድ ጉትቻ የተቀደደ ጆሮ ማሰፋት ከሁሉም ቀላሉ ነው። ቦታው ብቻ ይደነዝዛል፣ በዚያው ቀን ቤት ይገባል፣ ስፌቱ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ይወጣል። መልሶ ለመብሳት ሦስት ወር ያህል መታገሥ፣ ያውም የተሰፋው መስመር ላይ አለመብሳት። ኬሎይድ የሚያወጣ ሰው ግን እዚህም ይጠንቀቅ።

ከቆዳ ሥር ያለች ለስላሳ የስብ እብጠትም እንዲሁ ናት። አንድ ነገር ብቻ፦ የወጣው ነገር ለምርመራ ይላክ። «ስብ ናት» ብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሚጥል ሐኪም ቢያጋጥማችሁ ናሙናው እንዲመረመር ጠይቁ።

ኬሎይድ

የኔው ጉድ ስለሆነ ዘለግ አደርገዋለሁ። ኬሎይድ ተቆርጦ ብቻ ከተተወ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ የሕክምና ጽሑፎች ከ45 እስከ 100 በመቶ ይላሉ። ከነበረውም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው «ይቆረጥ ወይስ አይቆረጥ» አይደለም፤ «ከመቆረጡ ጋር ምን ይጨመራል» ነው።

መጀመሪያ የሚሞከረው ትራይአምሲኖሎን የሚባል መርፌ ነው። እዚያው እብጠቱ ውስጥ ይወጋል፣ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ይደጋገማል። ያማል፣ አልዋሽም፤ እብጠቱ ደረቅ ስለሆነ መድኃኒቱ አልገባ ብሎ ነርሷ መርፌውን በሁለት እጇ ስትገፋ አይቻለሁ። ማሳከኩ ግን ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ቀረ። ቦታው ላይ ቆዳ ሊነጣ ወይም ሊሳሳ ይችላል። ትልቅ ከሆነ ቆርጦ ወዲያው መርፌውን ማስከተል፣ ጆሮ ከሆነ ደግሞ የሚጫን ልዩ ጉትቻ ማድረግ አለ።

ለወራት መመላለስ የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩት። መጥፎ ምክር ይመስላል፣ ግን ተቆርጦ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ኬሎይድ ከነጭራሹ ካልተነካው ሊብስ ይችላል።

እንቅርት

ደጋ አገር ስለሆንን እንቅርት የማያውቅ የለም። መንስኤው በአብዛኛው የአዮዲን እጥረት ነው። ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቷል፤ ጨዉን ፀሐይ ላይ ክፍት አድርጎ ማስቀመጥ ግን አዮዲኑን ያባክነዋል። ወጥ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል። ሆኖም ለዓመታት ያደገ ትልቅ እንቅርት በጨው አይጠፋም።

ለአክስቴ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው፦ ከቢላው በፊት ሦስት ነገር። የሆርሞን የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ አጠራጣሪ እብጠት ካለ ደግሞ በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና። ሆርሞኑ ከልክ በላይ ከሆነ መጀመሪያ በመድኃኒት መርጋት አለበት፤ ሳይረጋ መቆረጥ ለሕይወት ያሰጋል። ልብ ይመታል፣ ላብ ላብ ይላል፣ ሰው ሳይራብ ይከሳል፤ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው።

እንቅርቱ ትንፋሽ ከያዘ፣ ምግብ አላስውጥ ካለ፣ ካንሰር ከተጠረጠረ ቀዶው ተገቢ ነው። ለመልክ ብቻ ከሆነ ግን ሚዛኑን እዩት። ከእንቅርቱ ኋላ የድምፅ ነርቭ ያልፋል፤ ከተነካ ድምፅ ይጎረናል። አጠገቡ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ ከተጎዱ የአፍ ዙሪያና የጣት ጫፍ ይደነዝዛል፣ ጡንቻ ይኮማተራል። ሙሉ በሙሉ ከወጣ ደግሞ ዕድሜ ልክ በየማለዳው በባዶ ሆድ ክኒን አለ፣ ቡናም ሆነ ቁርስ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ። አክስቴ ሌላውን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ፤ ቡና ላይ ስደርስ ነው ፊታቸው የተለወጠው።

ክኒኑ በአካባቢያችሁ ፋርማሲ ሳይቋረጥ ይገኛል ወይ? ይህን ሳታጣሩ «ሙሉውን አውጡልኝ» አትበሉ። የቀዶ ሐኪሙንም ይህን ሥራ አዘውትሮ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁት፤ አይቆጣም፣ ቢቆጣ ራሱ መልስ ነው።

ጸበልን በተመለከተ፣ አክስቴ ጻድቃኔ ማርያም ሊሄዱ ነበር፤ ይሂዱ። የተጀመረ መድኃኒት ግን ጸበል ላይም አይቋረጥም።

ሆድ፦ ስብ ማስመጠጥ ወይስ ቆዳ ማስቆረጥ?

ሁለቱ ይምታታሉ። ስብ ማስመጠጥ በቀጭን ቱቦ ስቡን ይስባል፤ የተንጠለጠለ ቆዳ አይሰበስብም፣ የላላ ጡንቻም አያጠብቅም። ለማክሳትም አይደለም። በአንዴ ከ5 ሊትር በላይ ማውጣት ከፍ ያለ አደጋ ስላለው ሆስፒታል አድሮ መታየት ያስፈልገዋል። ከዚያ ሰውነት የሚያጠብቅ ልብስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይለበሳል።

ቆዳ ቆርጦ ጡንቻ ማጥበቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ሙሉ ሰመመን አለው፣ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚሄድ ጠባሳ አለው፣ ለቀናት ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ይንጠለጠላል። ስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ዕቃ አይነሳም። ጀሪካን አይነሳም፣ ሕፃን አይታዘልም፣ ሊጥ አይቦካም ማለት ነው። ትልቁ ስጋት በእግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው፤ ስለዚህ ከቀዶው ቀን ጀምሮ ቀስ እያሉ መራመድ፣ በማግስቱም ሚኒባስ ውስጥ ታጉሮ ወደ ደብረ ብርሃን አለመመለስ።

ለአጎቴ ልጅ ያልኳት፦ ገና ልትወልጂ ከሆነ ቆዪ፣ እርግዝናው ሁሉንም መልሶ ይለጥጠዋል። ጡት ማጥባት ካቆምሽና ክብደትሽ ከረጋ ስድስት ወር ይለፈው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ታዪ፤ «ቦርጭ ነው» የተባለ ሆድ ዕጢ ወይም የእምብርት እበጥ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ።

ከሆድ የተወሰደን ስብ መቀመጫ ላይ መውጋትንም አንስታብኝ ነበር። እዚህ ላይ አልግደረደርም፤ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2018 የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት ባወጡት ማስጠንቀቂያ የሞት መጠኑ ከ3,000 ሰው አንድ ሊደርስ እንደሚችል ተገምቷል፤ ስቡ ጡንቻ ውስጥ ባለ ደም ሥር ገብቶ ሳንባ ስለሚዘጋ ነው። ፈሳሽ ሲሊኮን በመርፌ እንውጋ የሚላችሁ ካለማ ጫማችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አፍንጫ

አፍንጫ ቀላል ይመስላል፣ ግን ትዕግሥት የሚፈትን ነው። መልኩ እስኪረጋ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፣ ቆዳው ወፈር ያለ ሰው ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ። ሁለተኛ ጊዜ መሠራት ከመጀመሪያው ይከብዳል። ዕድገት ሳይጨርስ አይሠራም። ለጎረቤት ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ስልክሽን ፊትሽ ላይ አስጠግተሽ ነው ፎቶ የምትነሺው?» አዎ አለች። ካሜራ ሲጠጋ አፍንጫ ይተልቃል፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ራቅ ብሎ ያንሳሽ አልኳት። ትንፋሽ የሚዘጋ የአፍንጫ አጥንት መጣመም ካለ ግን ያ ሕመም ነው፣ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይኬዳል።

ጡት፣ ፀጉር፣ ንቅሳት

ከትልቅነቱ የተነሳ ትከሻና ጀርባ የሚያሳምም ጡት ማስቀነስ፣ ሰዎች ከሚረኩባቸው ቀዶዎች አንዱ ነው። ዋጋው ጠባሳና ለወደፊት ጡት ማጥባት ሊቀንስ መቻሉ ነው። በሲሊኮን ማስተለቅ ደግሞ የዕድሜ ልክ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ከተሠራ ከ5 እስከ 6 ዓመት፣ ከዚያም በየ2 እና 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ መታየትን ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ አለርጋን የተባለው ድርጅት ሻካራ ሽፋን ያላቸውን ምርቶቹን ከአንድ ዓይነት ካንሰር ጋር በመያያዛቸው ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። ያስገባችሁ ሰው የዕቃውን ዓይነትና ቁጥር የያዘ ካርድ ይስጣችሁ።

የፀጉር ንቅለ ተከላ ቱርክ ሄዶ መሥራት ፋሽን ሆኗል። የተተከለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፤ አትደንግጡ፣ ከሦስትና አራት ወር በኋላ ነው የሚበቅለው፣ ሙሉው በዓመቱ። ከኋላ የሚወሰደው ፀጉር ውስን ስለሆነ በ22 ዓመት ጨርሶ ማስተከል በ40 ዓመት ያስቆጫል። እኅቶች፣ ግንባራችሁ የሸሸው አጥብቆ በሚሠራ ሹሩባ ከሆነ መጀመሪያ ሹሩባውን አላሉት፤ ቶሎ ከተደረሰበት ራሱ ይመለሳል።

የአንገትና የግንባር ንቅሳት ጥላሸት ስለሆነ ሌዘር በደንብ ይይዘዋል። ብዙ ዙር ነው፣ በዙሮቹ መካከል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይጠበቃል። ለጥቁር ቆዳ የሚሻለው 1064 ናኖሜትር የሚሠራው ሌዘር ነው፤ «የስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በአሲድ ወይም በቅባት እናጠፋለን የሚሉትን አትስሙ፣ ንቅሳቱ ሄዶ ጠባሳው ይቀራል።

ባጭሩ ሲታይ

| ሥራው | ማደንዘዣ | ወደ ቀላል ሥራ | ምልልስ | ዋና ስጋት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የተቀደደ ጆሮ | የቦታው | በማግስቱ | 1–2 ጊዜ | ኬሎይድ | ዝቅተኛ |
| የስብ እብጠት | የቦታው | ከ1–3 ቀን | 1–2 ጊዜ | ያለ ምርመራ መጣል | ዝቅተኛ |
| ኬሎይድ | የቦታው | በማግስቱ | ለወራት | ተመልሶ ማበጥ | በጥቂት በጥቂቱ ይከማቻል |
| እንቅርት | ሙሉ | ከ2 ሳምንት ገደማ | ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል | ድምፅ፣ ካልሲየም | መካከለኛ |
| ስብ ማስመጠጥ | እንደ መጠኑ | ከ1–2 ሳምንት | ለሳምንታት | ደም መርጋት፣ ጎርባጣ ቆዳ | ከፍተኛ |
| የሆድ ቆዳ | ሙሉ | ከ2–4 ሳምንት | ለሳምንታት | ደም መርጋት፣ ጠባሳ | ከፍተኛ |
| አፍንጫ | ብዙ ጊዜ ሙሉ | ከ1–2 ሳምንት | እስከ ዓመት | ድጋሚ መሠራት | ከፍተኛ |
| የጡት ሲሊኮን | ሙሉ | ከ1–2 ሳምንት | ለዓመታት | መቀየር፣ መቀደድ | ከፍተኛ |
| ፀጉር | የቦታው | ከሳምንት ገደማ | እስከ ዓመት | የፀጉር ማለቅ | ከፍተኛ |
| የንቅሳት ሌዘር | ቅባት ወይም የቦታው | በማግስቱ | ብዙ ዙር | የቆዳ መንጣት | መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ያላችሁ ጊዜ የሌላችሁ፣ ለምሳሌ ለሁለት ወር ከዓረብ አገር የመጣችሁ፣ ክትትል የሚፈልገውን ሁሉ ተዉት። በአውሮፕላን ተሳፍራችሁ የሄዳችሁበት ቁስል ሐኪም የለውም። ጆሮ፣ የስብ እብጠት፣ ቢበዛ እነዚህ።

ጊዜ ያላችሁ ገንዘብ የሌላችሁ፣ በሪፈር መንግሥት ሆስፒታል ሂዱ። ቃጠሎ አኮማትሮት የማይዘረጋ እጅ ወይም አንገት ያለው ሰው «የውበት ነው» ብሎ ቤት አይቀመጥ፤ አዲስ አበባ የካቲት 12 እና አለርት ይህን ሥራ ያውቁታል። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃንም ከሦስት ወር ጀምሮ ሊሠራለት ይችላል፣ ስማይል ትሬን የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት የሚደግፋቸው ሆስፒታሎች በነፃ ይሠራሉ።

ገበሬ ከሆናችሁ አጨዳና ውቂያ ሳይጀመር ወይም ካለቀ በኋላ ቀጠሩ። የሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ ትልቅ ቀዶ የምትሠሩ ከሆነ ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋልና ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን አታጓድሉ፤ ስለ ጾሙ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ከሙሉ ሰመመን በፊት ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ አይቀመስም፤ ውኃውንም ሐኪሙ ባለው ሰዓት ታቆማላችሁ። ጸበልም ውኃ ነው፣ አትሸውዱ። ሲጋራ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቁም። አረቄ የምትጠጡ ደግሞ መጠኑን ለሰመመን ሰጪው በእውነት ንገሩት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ምን እንደሚያደርግ እሱም ያውቃል። አስፕሪን ወይም ደም የሚያቀጥን ሌላ መድኃኒት ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ክሊኒኩን የምትጠይቁት ደግሞ ይህ ነው፦ የሚቆርጠኝ ሰው ስሙ ማነው፣ ልዩ ሙያው ምንድነው፣ ፈቃዱን አሳዩኝ። ጠቅላላ ዋጋውን በጽሑፍ ስጡኝ። ቢበላሽ ማን ይከፍላል? ማታ ቢደማስ ማን ስልክ ያነሳል?

የአክስቴ ምርመራ ደህና ወጣ፤ ሆርሞኑም ልክ ነው፣ የሚያንቅም የለም። በየዓመቱ ይታያሉ። ለሠርጉ ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ሊለብሱ ነው። የጎረቤት ልጅ ፎቶውን ገና አልተነሳችም። የአጎቴ ልጅ ግን ትናንት ደወለችልኝ። ቀብድ ልትከፍል ሄዳ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ እንግዳ ተቀባይዋ ወደ ሥራ አስኪያጁ፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ስልኩ አየና «ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንከፍታለን» አላት። ብሯን ይዛ ወጣች።